በባሕር ላይ የተነገረ መርዶ

ጋሽ ደቻሳ ባረፉ በሦስተኛው ቀን በቆጂ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ገመዳን ልጨብጥ እጄን ስዘረጋ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ተስፋውን የቆረጥከው አንተ ነህ» አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ። አንድ ሰው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ጥቂት ተቀምጬ ወጣሁ።

አቶ ገመዳ ያሉት ውሸት ነው ለማለት አልችልም። እውነት ነው ማለትም አልቻልኩም። የምችለው ጋሽ ደቻሳን እንደማውቃቸው አድርጌ መጻፍ ነው።

እሳቸው የበቆጂ፣ እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። በመኪና ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። የተዋወቅነው ግን እዚህ አይደለም፤ የሕንድ ውቅያኖስን ደሴቶች እየዞረች ቱሪስት በምታስጎበኝ አንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ነው። ትንሽ ስል ስልሳ ስምንት እንግዳና አርባ አንድ ሠራተኛ የምትይዝ ማለቴ ነው። ርዝመቷን በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መቶ አስራ አራት እርምጃ ነው። እኔ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበርኩ። ሙያውን አሰላ የተበላሸ ፍሪጅ እየፈታሁና ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩት፤ ጅቡቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ስሠራ መርከቧ ሰው ፈለገችና ገባሁ። ጋሽ ደቻሳ በዚያው በጅቡቲ በኩል ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድመው የገቡ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ።

የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ባልዲ አቅፌ ነው። የሠራተኞች መኝታ ከውኃው ወለል በታች ስለሆነ ማዕበሉ በግድግዳው ሲያልፍ ይሰማል። እንዲህ ሆኜ ሳለ አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ፣ ቅንድባቸው ዱቄት የለበሰ ሰው ሳያንኳኩ ገቡ።

«የአሰላው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ፈረስ ትጋልባለህ?»

«አይ፣ አልጋልብም።»

«አሰላ ድሮም ከተሜ ነው። ተነሥ!»

ኮሪደሩ ላይ አቆሙኝ። ጉልበቴን ትንሽ አሳጠፉኝ፣ ወገቤን እንድለቅ በመዳፋቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉት። «ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ የሚወድቀው የሚታገለው ሰው ነው። ይቺም ፈረስ ናት። ወደ ወሰደችህ እሺ በላት።» በሁለተኛው ቀን ማስመለሱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መርከቧ በተናወጠች ቁጥር፣ እንጀራቸውን በባሕር ላይ የሚበሉት ፊሊፒናውያን እንኳ ግድግዳ ሲይዙ፣ ጋሽ ደቻሳ ትሪ ሙሉ ዳቦ ተሸክመው በታጠፈ ጉልበት ሲሄዱ አይ ነበር።

መዋኘት ግን አይችሉም። ባሕሩን በጣም ይፈሩታል፣ መፍራታቸውንም አይደብቁም። በየሳምንቱ የአደጋ ልምምድ ደወል ሲደወል የሕይወት ጃኬታቸውን አጥብቀው ጀልባዋ ሥር ቀድመው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ፊሊፒናውያኑ ሲስቁባቸው፣ «መጨረሻ የሚወጣው ካፒቴኑ ነው ተባለ እንጂ ዳቦ ጋጋሪው ነው ያለ የለም» ይሏቸዋል።

የዳቦ ክፍላቸው ሦስት እርምጃ በሁለት ነበር። በደሴቶቹ ሙቀት ሊጥ ከልክ በላይ ቶሎ ይነሣል፣ ይኮመጥጣልም፤ ስለዚህ የሚያቦኩበትን ውኃ በበረዶ ያቀዘቅዙታል። የበረዶ ማሽኑ ሲቆም ከሼፉም ከባሩም ቀድመው የሚጮኹብኝ እሳቸው ናቸው። ከእኛ ደጋ ሲወርዱ ያለውን ሞቃቱን ዴራን እየጠሩ፣ «ናቲ፣ ፍጠን! በቆጂ የለመደ ሊጤን ዴራ አወረድከው!» ይላሉ። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ይገለብጡትና ታችኛውን ፊቱን በሁለት ጣት መትተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

«ምን አለዎት?» እላለሁ።

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም አለኝ።» ወደ ምድጃው ይመልሱታል።

እኔ የደቂቃና የዲግሪ ሰው ነኝ። የምድጃቸውን ሙቀት ከሦስት ቦታ ለክቼ የጀርባው ቀኝ ማዕዘን በስድስት ዲግሪ እንደሚበልጥ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አዩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ስድስት ዓመት ዳቦዬን ከዚያ ማዕዘን የማዞረው ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ ስትሞት ጉድጓዱን ራስህ ለክተህ ነው የምትገባበት።»

እንግዶቹ ጠዋት ጠዋት በጎማ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይወርዳሉ፤ ይዋኛሉ፣ ኤሊ ያያሉ፣ ነጩ አሸዋ ላይ ምሳ ይዘረጋላቸዋል። እኛ ደሴቶቹን የምናውቃቸው በክብ መስኮት በኩል ነው። ጋሽ ደቻሳ በስድስት ዓመት የረገጡት ሁለቱን ብቻ ነበር። ታዲያ የመጨረሻው ዳቦ እንደወጣ፣ እንግዶቹ ቁርስ ላይ ሳሉ፣ ወደ መርከቧ ጭራ ይወጡና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስቴር በስልካቸው ድምፅ ይቀዳሉ። ወይዘሮ አስቴር ባሕር አይተው አያውቁም።

«አስቱ፣ ይኼ ነፋሱ ነው። ይኼ ደግሞ ሞተሩ ነው፣ አትፍሪ። አሁን ዓሣ ዘለለ፣ ሰማሽ? አልሰማሽም። ቆይ፣ አንተ ዓሣ ድገመው!»

መርከቧ ኔትወርክ ካለበት ስትደርስ የተቀዳው ሁሉ ተከታትሎ ይሄዳል፤ የወይዘሮ አስቴርም መልስ ይመጣል። ጮክ አድርገው ከፍተው ያሰሙኝ ነበር። አንዱን አልረሳውም፦ «ደቹ፣ ዓሣውን ተወውና ሹራብህን ልበስ። ነፋሱን ሰምቼዋለሁ።» ሠላሳ አራት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሆነን ተሳሳቅን። ጋሽ ደቻሳ ግን ከሳቁ በኋላ ገብተው ሹራባቸውን ለበሱ፤ ለብሻለሁ ብለው ሊዋሿቸው ስላልፈለጉ ነው።

ውሏቸው ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ሲቀረው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ዋናው ወደብ ላይ ቆመን ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። አቶ ገመዳ ነበሩ። ለፈቃድ ስገባ ከጋሽ ደቻሳ ዕቃ አድርሼላቸው ስለነበር ቁጥሬ ነበራቸው።

«ናትናኤል፣ ብቻህን ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አስቴርን አሟታል። ሆስፒታል ገብታለች። ደቻሳ እንዳይሰማ።»

«በጣም ነው እንዴ ጋሼ?»

«እሱን ትጠራለች» አሉ። ወዲያው ቸኩለው፣ «በእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ትድናለች። ውኃ ላይ ያለ ሰው ሰምቶ ምን ይሆናል? ዘሎ አይገባ! አንተ አጠገቡ ስላለህ ነው የነገርኩህ። አደራ።»

አደራ የሚለው ቃል ከታላቅ ሰው አፍ ሲወጣ እንደኛ ባደገ ሰው ላይ እንዴት እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ይህን ያስተማረኝ የለም፣ አውቄው ነው ያደግኩት። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ከሩብ ነበር። መርከቧ የምትነሣው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን የዚያኑ ዕለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳለ ስልኬ ላይ አየሁ። በማግስቱ ሳይመሽ ጋሽ ደቻሳ ከባለቤታቸው አልጋ አጠገብ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የጀመርኩትን የማቀዝቀዣ በር ጎማ መቀየር ቀጠልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጋሽ ደቻሳ ቅቤ ሊወስዱ መጡ።

«ፊትህ ምን ሆኗል?»

«ኮምፕሬሰሩ አስቸግሮኝ ነው።»

«ብረት እኮ ነው! ሰው የታመመብህ መሰልክ።» ትከሻዬን በክርናቸው ገፋ አድርገው አለፉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መልሕቁ ተነሣ።

ጉዞው አስራ አንድ ቀን ነበር፣ ኔትወርክ ወደማይደርስባቸው ሩቅ ደሴቶች። በስድስተኛው ቀን ለእንግዶቹ የባሕር ዳር ምሳ የበረዶ ሳጥኑን ላስተካክል አንዲት ደሴት ላይ ወረድኩ። ከዘንባባዎቹ በላይ ጉብታ አለ፤ እዚያ ላይ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል ተብሎ ስለነበር ወጣሁ። አንድ መልእክት ገባ። «አስቴር አርፋለች። ቀብሩ ተፈጽሟል። እስክትመለሱ እንዳይሰማ። ገመዳ።»

ከጉብታው ላይ መርከቧ ትታየኛለች፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለች። ከወጥ ቤቷ መውጫ ጢስ ይወጣል። ጋሽ ደቻሳ የከሰዓቱን ዳቦ እየጋገሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ዝም አልኩ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ለቅሶው መያዣ ሲኖረው፤ መሬት በማይታይበት ቦታ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ለማይችል ሰው እንዴት ይነገራል? ምክንያቱ እውነት ነበር። ፍርሃቴም እውነት ነበር። በእነዚያ ቀናት በየጠዋቱ ጭራው ላይ ቆመው ይቀዳሉ፦ «አስቱ፣ ዛሬ ዝናብ ነው። የባሕር ዝናብ ይገርማል፣ ውኃ ላይ ውኃ ምን ያደርጋል?» እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

ወደብ ልንደርስ አንድ ቀን ሲቀረን ለሼፉ ነገርኩት። ሼፍ ሃሪ በዕድሜ የገፋ የማዳጋስካር ሰው ነው። በእኛ አገር ሞት ብቻውን ላለ ሰው እንደማይነገር፣ ማለዳ ላይ ሰዎች እንዲቆሙልኝ እንደምፈልግ አስረዳሁት። በደንብ ሰማኝ። በእነሱም አገር ሞት ብዙ ሥርዓት እንዳለው ነገረኝ።

«መቼ ነው የሞተችው?» አለኝ።

«አምስት ቀን ሆናት።»

«አምስቱንም ቀን ዳቦውን እየበላህ?» አለኝ።

ቢሆንም ሰዎቹን ሰበሰበልኝ።

ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን የዳቦ ክፍሉ በር ላይ ቆምን። ሁሉም የተተኮሰ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። በመስኮቱ የዋናው ደሴት ተራራ ደብዝዞ ይታያል። ጋሽ ደቻሳ ሊጥ እየቆረጡ ቀና አሉ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ አዩን።

«ናቲ» አሉ፣ «እነዚህን ሰዎች ማነው የሰበሰባቸው? እንዲህ የሚቆመው እኮ የኛ አገር ሰው ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባሁ።

«አስቱ ናት?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

የሊጡን መቁረጫ በቀስታ አስቀመጡ። አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

«ስድስት ቀን ሆነ።»

«በድንገት ነው?»

«አይ። ታመው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወደብ ሳንነሣ በፊት።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ጋሽ ገመዳ አደራ ብለውኝ...»

«ጠራችኝ?»

«ጠርተውዎታል።»

«ያን ቀን አውሮፕላን ነበረ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበረ» አልኩ፣ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ያን ጊዜ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። የሰው ለቅሶ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ሰምቼ አላውቅም። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ረጅም መንገድ የሮጠ ሰው ትንፋሽ። ሼፍ ሃሪ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። ሌሎቹም ተራ በተራ እየገቡ መዳፋቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። እንዲያ አድርጉ ያላቸው የለም።

ከዚያ የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። ኔትወርክ ውስጥ ገብተን ነበር። ጮኸ፣ ደግሞ ጮኸ። የአስራ አንዱ ቀን ድምፅ አንድ በአንድ ወደ ወይዘሮ አስቴር ስልክ እየሄደ ነበር። ጋሽ ደቻሳ ገባቸው። ስልኩን አውጥተው ሊያስቆሙት ሞከሩ፤ ጣታቸው በሊጥ ስለተሸፈነ መስታወቱ አይታዘዝም። በሽርጣቸው ጠረጉት፣ ሽርጡም ዱቄት ነው። «አቁምልኝ» አሉኝ፣ «ናቲ፣ አቁምልኝ።» ተቀብዬ አጠፋሁት። ሰባቱ ሄደዋል፤ አራቱ ቀርተዋል።

የዚያን ዕለት ምሽት በሁለት ሰዓቱ አውሮፕላን ሄዱ። ከመርከቧ መውረጃ ድልድይ ላይ ሻንጣቸውን ተቀበሉኝና፣ «አልረግምህም» አሉኝ። «ገመዳንም አልረግምም። ያሳደጋችሁ ነው። ግን ስማኝ። ሁለተኛ የኔ የሆነ ነገር ስትሰማ፣ ሽማግሌ አትጠብቅ፣ ማለዳ አትጠብቅ። ለኔ ንገረኝ። ባሕር ላይ ብሆን፣ ንገረኝ። ዘልዬ ብገባ የኔ ጉዳይ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

ወደ መርከቧ አልተመለሱም። በቆጂ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ዳቦ ቤት ከፈቱ። አልፎ አልፎ እንደዋወል ነበር፤ የአዲሱን ጋጋሪ ዳቦ እንዳማላቸው ይፈልጋሉ፣ እኔም አማለሁ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሲሆን ለፈቃድ መጥቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አቶ ገመዳ ግቢው በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል።

«ዶክተሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ለኔ ነው የነገረኝ» አሉ። «ጉበቱ ነው፣ ከመታከም አልፏል። ሁለት ወር አለው ብሎኛል። እሱ የሚያውቀው ጨጓራ መሆኑን ነው። ሰናይትም እንደዚያው ነው የምታውቀው፤ ጮሌ ከተማ ተማሪዎቿን እያስፈተነች ስለሆነ ትምህርት ለክረምት ሲዘጋ ትመጣለች።» ሰናይት የጋሽ ደቻሳ አንድ ልጅ ናት፣ ጮሌ ውስጥ አስተማሪ። «ተስፋ ነው ያቆመው፣ ናትናኤል። አደራ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉ ያለቅሱ ነበር፤ እንባቸው እንዳይታይ ወደ ሜዳው ዞረው ነበር። እሺም እምቢም ሳልል ገባሁ።

ጋሽ ደቻሳ ከስተው አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ስለ መርከቧ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሼፍ ሃሪን ጠየቁኝ። ከውጭ የአቶ ገመዳ ሳል ይሰማል።

«ገመዳ በሩ ላይ ምን አለህ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ስፈራው ነበር። «ጨጓራ አይደለም፣ ጋሽ ደቻሳ» አልኩ። «ጉበትዎ ነው። ዶክተሩ ሁለት ወር ብሏል።»

ጣሪያውን አዩ። እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ።

«ሁለት ወሩ የሚቆጠረው ከዛሬ ነው ወይስ እሱ ከተናገረበት?»

«ከተናገረበት። ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

«ስለዚህ አምስት ሳምንት።» «ፈራሁ፣ ናቲ» አሉ። እጃቸውን ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። «ለሰናይት ደውልልኝ። ለክረምት ሲዘጋ አይደለም። አሁን።»

ከአምስቱ ሳምንት የኖሩት አስራ ዘጠኝ ቀን ነው። አቶ ገመዳ የሚቆጥሩት የጎደለውን ነው፤ ባልነግራቸው ኖሮ ይሞላ ነበር ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ለክቼ የምደርስበት ነገር አይደለም።

ሰናይት የደረሰችው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። የጠመኔ ብናኝ ያለበት ሹራቧን እንኳ አልቀየረችም። ጋሽ ደቻሳ ድምፅዋን ከግቢ ሲሰሙ «አንሣኝ» አሉኝ። በብብታቸው ገብቼ አነሣኋቸው፤ በሁለት እጃቸው የአልጋውን ራስ ይዘው ቆሙ። ገባች፣ አየቻቸው፣ እዚያው ደረቀች።

«አባ፣ ጨጓራ ነው ብለውኝ እኮ...»

«አይደለም» አሏት። «ነይ እዚህ ተቀመጪ። እኔ እነግርሻለሁ።»

በሩን ገጠም አድርጌ ወጣሁ።